ከነጥብና ሰረዝ ወደ ዜሮና አንድ፦ የማርኮኒ ሕይወት ከራያ ሜዳ ሲታይ

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ በሰፊው የራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ደጋው የሚወጣው እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል ሜዳውን ከግራና ከቀኝ ይዘውታል። ለራያ ገበሬ ተራሮቹ የሕይወት ምንጭ ናቸው፤ ማሽላው የሚፋፋው ከእነርሱ በሚወርደው ጎርፍና ደለል ነው። ለስርጭት ባለሙያ ግን እነዚሁ ተራሮች ሌላ ትርጉም አላቸው። የኤፍ ኤም ሬዲዮና የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ተራራ ሲጋርደው ከኋላው ጥላ ይተዋል። በጥላው ውስጥ ያለው ቤት ድምፁን በሹክሹክታ ይሰማል፤ ምስሉንም በነጭ ጭጋግ ውስጥ ያያል።

ዛሬ የዓለም ሀገራት የቴሌቪዥን ስርጭታቸውን፣ አንዳንዶቹም የሬዲዮ ስርጭታቸውን፣ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል እያሸጋገሩ ነው። ሽግግሩ ምን ያመጣል፣ ከማንስ ምን ይወስዳል የሚለውን ጥያቄ በአግባቡ ለመመለስ የአየር ሞገድ የሰው ልጅ መልእክተኛ የሆነበትን ዘመን መለስ ብሎ ማየት ያሻል። በዚያ ዘመን መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ጣሊያናዊ ቆሞ እናገኛለን፤ ጉሊዬልሞ ማርኮኒ። የሰውየው ሕይወት ለዓለም የሬዲዮ ታሪክ ነው። ለራያና ለአካባቢዋ ግን ከዚያም ያለፈ ነገር አለው፤ የፈጠራው ፍሬ ከዋጃ በስተሰሜን ባሉት የኮረምና የማይጨው ተራሮች ላይ በጦር መሣሪያነት ውሏልና። በዚህ ጽሑፍ የአውሮፓ ክንውኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሀገራችን ደግሞ ዓመተ ምሕረት ተብሎ በራሳችን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

የግሪፎኔው ወጣት

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁዜፔ ማርኮኒ ባለርስት ጣሊያናዊ ነበር። እናቱ አኒ ጀምሰን ደግሞ በአረቄ ንግድ ስሙ ከገነነው የአየርላንድ የጀምሰን ቤተሰብ የተገኘች ናት። ልጁ በሁለት ቋንቋና በሁለት ሀገር መካከል አደገ። በመደበኛ ትምህርት ቤት ብዙም የተሳካለት ተማሪ አልነበረም፤ በቤት ውስጥ በግል መምህራን ተማረ፤ ልቡ ግን ገና ከልጅነቱ በኤሌክትሪክ ተይዞ ነበር። በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው አውጉስቶ ሪጊም የቤተሰቡ ጎረቤት በመሆኑ ከእውቀቱ ቀስሟል።

ማርኮኒ ሬዲዮን ከባዶ አልፈጠረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በ1860ዎቹ በቀመር አስቀምጦ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ኸርዝ ደግሞ በ1880ዎቹ ማብቂያ ሞገዱን በቤተ ሙከራው ውስጥ አመንጭቶ አሳየ። ኸርዝ በ1894 መጀመሪያ በወጣትነቱ ሲሞት ስለ ሥራው የተጻፈው ጽሑፍ በሃያ ዓመቱ ወጣት እጅ ገባ። ሌሎች ሊቃውንት የተፈጥሮን ምሥጢር ባዩበት ጽሑፍ ውስጥ ማርኮኒ መልእክተኛን አየ። ያለ ሽቦ መልእክት ማድረስ ይቻላል ብሎ አሰበ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሌላ ሥራ አላማረውም።

በፖንቴኪዮ መንደር የሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ፣ ቪላ ግሪፎኔ፣ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍሉ ቤተ ሙከራ ሆነች። መጀመሪያ በክፍሉ አንድ ጥግ ቁልፍ ሲጫን በሌላው ጥግ ደወል አስጮኸ። ቀጥሎ መሣሪያውን ወደ ደጅ አወጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ግኝቱ ሲታይ ቀላል ነበር፤ የማሰራጫውን አንድ ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘ፣ ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር መልእክቱ ርቆ ሄደ። በ1895 ምልክቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ተሻግሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ከኮረብታው ማዶ ያለው ረዳት ምልክቱ መድረሱን ያበሠረው ጠመንጃ በመተኮስ እንደነበር ይነገራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ማርኮኒ የላከው ድምፅ አልነበረም፤ አጭርና ረጅም ብልጭታ፣ ማለትም የሞርስ ነጥብና ሰረዝ ነበር። ሞገዱ ወይ አለ፣ ወይ የለም፤ ከሁለቱ ውጪ ሦስተኛ ነገር አልነበረም። ዛሬ ዲጂታል የምንለው ስርጭትም በመሠረቱ በዚሁ የቆመ ነው፤ ዜሮና አንድ፣ የለም እና አለ። ስለዚህ አሁን የምናየው ሽግግር በአንድ በኩል አዲስ ቢሆንም፣ በሌላ በኩል ወደ ግሪፎኔው ወጣት የመጀመሪያ ሐሳብ የመመለስ ያህል ነው።

ምሥጢር የማይጠብቀው ሞገድ

ማርኮኒ በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ። በዚያው ዓመት ጁን 2 ቀን የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ወጣቱን በክብር ተቀብሎ ደገፈው። በ1897 ምልክቱ የብሪስቶልን ሰርጥ ውኃ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመትም ማርኮኒ በ23 ዓመቱ የራሱን ኩባንያ መሠረተ። በ1899 መልእክቱ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር አቋረጠ።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ግን አንድ ችግር ተከተለ። ሞገድ እንደ ሽቦ ከአንዱ ወደ አንዱ ብቻ አይሄድም፤ ለሁሉ ይበተናል። መቀበያ ያለው ሁሉ ሊሰማው ይችላል። ማርኮኒ በ1900 ባስመዘገበውና በ7777 ቁጥር በሚታወቀው የፈጠራ መብት ማሰራጫና መቀበያን በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ የማስተካከል ዘዴን አቀረበ። ዛሬ የሬዲዮን መዘውር አዙረን አንዱን ጣቢያ ከሌላው የምንለይበት ጥበብ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የመጣ ነው። ማርኮኒ ዘዴው መልእክትን ከጠላፊ እንደሚጠብቅ ያምን ነበር። በ1903 ግን በለንደን የሳይንስ አዳራሽ ውስጥ ባልደረባው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ ለታዳሚ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ ኔቪል ማስከላይን የተባለ የምትሃት ትርኢት ባለሙያ ከውጭ ሆኖ በራሱ ማሰራጫ የስላቅ መልእክት አስገባበት። ሞገድ ምሥጢር እንደማይጠብቅ በአደባባይ ታየ። ይህ ትምህርት ከ33 ዓመት በኋላ በኮረም ተራራ ላይ በደም ተከፍሎበታል፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

ዲሴምበር 12 ቀን 1901 የማርኮኒ ስም ከሁሉ በላይ የገነነበት ቀን ነው። በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ በነፋስ ኃይል በሚንሳፈፍ ጨርቅ አንቴናውን ወደ ሰማይ አውጥቶ ጆሮውን መስሚያው ላይ አደረገ። ከእንግሊዝ ፖልዱ ጣቢያ የተላኩትን ሦስት ነጥቦች፣ የሞርስን ኤስ ፊደል፣ ከውቅያኖስ ማዶ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው ሰማኋቸው አለ። ምስክሮቹ ራሱና ረዳቱ ጆርጅ ኬምፕ ብቻ ስለነበሩ ያን ዕለት የሰማው በእርግጥ ምልክቱ ነበር ወይ የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ሆኖም በቀጣዮቹ ወራትና ዓመታት መልእክቱ ውቅያኖሱን እንደሚሻገር ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ። ሊቃውንቱ ግን ግራ ተጋቡ፤ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ሞገድ የምድርን ክብነት እንዴት ዞረ? መልሱ ከሰማይ መጣ። ከምድር በላይ በፀሐይ ጨረር የሚሞላ የአየር ንብርብር አለ፤ አንዳንድ ሞገዶችን እንደ መስታወት ወደ ምድር ይመልሳቸዋል። በራያ ሜዳ ላይ ማታ ማታ የሩቅ ሀገር የአጭር ሞገድ ጣቢያ የሚሰማውም በዚሁ የሰማይ መስታወት ምክንያት ነው። የዞብል ተራራ የኤፍ ኤምን ሞገድ ቢከለክልም፣ ከሰማይ የሚወርደውን ሊከለክል አልቻለም።

በ1909 ማርኮኒ የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ተጋራ። በ1912 ታይታኒክ መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ስትሰጥም የማርኮኒ ኩባንያ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የድረሱልን ጥሪውን እስከ መጨረሻው ላኩ። ጥሪውን ሰምታ የደረሰችው ካርፓቲያ ከ700 በላይ ሰዎችን አተረፈች። ፊሊፕስ ግን ከሞቱት አንዱ ሆነ። በአቅራቢያ የነበረች ሌላ መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ተኝቶ ስለነበር ጥሪውን አልሰማችም። ከዚያ በኋላ የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት የመርከብ ሬዲዮ ሌት ተቀን ሰሚ እንዲኖረው የሚያስገድድ ድንጋጌ ይዞ መጣ። ሬዲዮ ሕይወት አዳኝ መሆኑ ታወቀ፤ ሕይወት የሚያድነው ግን ሰሚ ሲኖረው ብቻ መሆኑም አብሮ ታወቀ።

ሞገዱ ቀይ ባሕር ደረሰ

የማርኮኒ ሞገድ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተገናኘው ቀደም ብሎ ነው። በ1911 በፒዛ ከተማ አቅራቢያ በኮልታኖ የተተከለው ኃይለኛ ጣቢያ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከምጽዋ ጋር መልእክት ተለዋወጠ። በዚያው ዓመት ጣሊያን ሊቢያን ስትወርር ማርኮኒ ራሱ ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄዶ የሠራዊቱን ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ በማደራጀት አገዘ። ገና በዚያን ጊዜ የፈጠራ ሰውየውና የቅኝ ግዛት ሰውየው በአንድ አካል ውስጥ ተገናኝተዋል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ሥራ ላይ ነበር። ሀገሪቱ በሽቦ ስትናገር፣ ከባሕሩ ዳር ያለው ጎረቤቷ በአየር ይናገር ነበር ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሬዲዮ ራሱ መልኩን ለወጠ። ካናዳዊው ሬጂናልድ ፌሰንደን ከነጥብና ሰረዝ አልፎ የሰውን ድምፅ በሞገድ ላይ ጫነ። ድምፅ ከፍ ሲል ሞገዱም ከፍ ይላል፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ሞገዱም ዝቅ ይላል። ሞገዱ የድምፁ አምሳያ ሆነ። አናሎግ ማለት ይህ ነው፤ ቃሉ ራሱ አምሳያን ያመለክታል። ማርኮኒ ለድምፅ ሬዲዮ ፈጥኖ ባይነሣም ኩባንያው ኋላ ደረሰበት። በ1920 ከቼልምስፎርድ የማርኮኒ ማሰራጫ ታዋቂዋ ዘፋኝ ኔሊ ሜልባ ዘመረች፤ ድምፅዋም በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። በ1922 ቢቢሲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ኩባንያዎች አንዱ የማርኮኒ ነበር። አናሎግ ስርጭት የአንድ ምዕተ ዓመት ጉዞውን በዚህ ጀመረ።

ማርኮኒ ራሱ የቀረውን ዘመኑን ለአጭር ሞገድ ሰጠ። በ1919 ኤሌትራ የተባለች የመዝናኛ መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አደረጋት። ከባልደረባው ቻርልስ ፍራንክሊን ጋር አጭር ሞገድ በጥቂት ኃይል ረጅም ርቀት እንደሚጓዝ አሳዩ። በ1930 በጄኖቫ ወደብ ከቆመችው ኤሌትራ በላከው ምልክት በአውስትራሊያ የሲድኒ ማዘጋጃ ቤት መብራቶች በሩ። በ1931 ደግሞ ለሊቀ ጳጳስ ፒየስ 11ኛ የቫቲካንን ሬዲዮ ሠርቶ አስረከበ። በቤቱ ግን ሕይወቱ እንደ ሥራው የቀና አልነበረም። በ1912 በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከአየርላንዳዊቷ ቤያትሪስ ኦብራየን ጋር ተለያይቶ በ1927 ማሪያ ክሪስቲና ቤዚ ስካሊን አገባ።

ከአቃቂ እስከ ኮረም

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1930 ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በዚህም ሥልጣኑ የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት አባል ሆነ። ይህ ሰው ሳይወድ የተጎተተ አልነበረም። ዝናውንና ስሙን ለሥርዓቱ አዋሰ፤ በምላሹም ክብርና ሹመት ተቀበለ።

በዚሁ ዘመን ኢትዮጵያም የራሷን ድምፅ በአየር ላይ ለማሰማት ትጥር ነበር። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በአቃቂ የተሠራው የሬዲዮ ጣቢያ ግንባታ በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ተጀምሮ በ1927 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። የወረራው ደመና ሲከብድ፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ድምፃቸውን ለዓለም አሰሙ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ዘመን ነው። በጣሊያናውያን እጅ የተተከለ ማሰራጫ የጣሊያንን ወረራ የሚቃወም ድምፅ ማሰማቱ ታሪክ ከማይረሳቸው ግጥምጥሞሾች አንዱ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። በዚያ ጦርነት ሁለቱ ወገኖች በአየር ሞገድ አልተመጣጠኑም። ወራሪው ጦር አውሮፕላኑን፣ መድፉንና እግረኛውን በሬዲዮ ያቀናጅ ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት ግን በአብዛኛው መልእክቱን የሚያደርሰው በእግረኛና በፈረሰኛ መልእክተኛ ነው። የነበሩት ጥቂት የሬዲዮ መሣሪያዎችም መዘዝ ነበራቸው፤ የሚላከውን መልእክት ጠላትም ያደምጠው ነበርና።

ንጉሠ ነገሥቱ በኮረም ተራሮች ሆነው ለወሳኙ ውጊያ ሲዘጋጁ ከዋና ከተማዋ ጋር የሚገናኙት በሬዲዮ ነበር። ለእቴጌ መነን የላኩት መልእክት ሳይቀር በጣሊያኖች ተጠለፈ። የጥቃቱ ቀን ሲራዘም፣ ጠላት ምሽጉን የሚያጠናክርበት ጊዜ አገኘ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ሲያጠቃ የጠበቀው ተዘጋጅቶ የቆየ ጠላት ነበር። ጀግኖቹ ቀኑን ሙሉ ተዋግተው የጠላትን መስመር በየቦታው ቢያናጉም ሊሰብሩት አልቻሉም። በማፈግፈጉ ወቅት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የዘነበው ቦምብና የመርዝ ጋዝ የፈጀው ሕዝብ የራያ ምድር እስከ ዛሬ የምታስታውሰው ቁስል ነው። ወራሪው ወደ ደቡብ ዘልቆ በሚያዝያ መጀመሪያ ደሴን፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባን ያዘ። በዚያው ዕለት ሙሶሊኒ በሮም አደባባይ ድሉን ሲያውጅ ድምፁ በሬዲዮና በድምፅ ማጉያ በጣሊያን ከተሞች አደባባዮች ሁሉ ተሰማ።

ማይጨው የወደቀው በሬዲዮ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማቅለል ይሆናል፤ አውሮፕላኑ፣ መድፉና መርዙ ከሁሉ በላይ ይመዝናሉ። ሆኖም በለንደኑ አዳራሽ ለሳቅ የታየው ድክመት፣ በኮረም ተራራ ላይ የሰው ነፍስ እንዳስከፈለ ግልጽ ነው። ማርኮኒም ከዚህ ወረራ ራሱን አላራቀም። ወደ ውጭ ሀገራት እየተጓዘ የጣሊያንን አቋም ደገፈ። በብሪታንያም ስለ ጉዳዩ በቢቢሲ ለመናገር ቢፈልግ ጣቢያው ሳይፈቅድለት ቀረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የእርሱ ኩባንያ የነበረው ጣቢያ ማይክሮፎኑን ከለከለው። የሞገድ አባት ተብሎ የተጠራው ሰው ሞገድ ተነፈገ።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በሮም በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 63 ነበር። ጣሊያን በመንግሥት ደረጃ ቀበረችው። በብሪታንያ የሬዲዮ ማሰራጫዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። የአየር ሞገድ ማርኮኒ ከመወለዱ በፊት እንደነበረው ለአፍታ ጸጥ አለ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ የወደቁ ልጆቿን ካጣች አምስት ወር ሆኗታል፤ አርበኞችም በየጫካው ነበሩ።

ከማርኮኒ በኋላ የተለወጠው ሞገድ

ማርኮኒ በሞተበት በዚያው ዓመት በፓሪስ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ አንድ ሐሳብ አፈለቀ። ድምፅን እንደ አምሳያ ከመላክ ይልቅ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ለክቶ፣ ልኬቱን ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ ቁጥሩን በአለና የለም ምልክት መላክ ይቻላል አለ። መንገድ ላይ ጫጫታ ቢገባበት እንኳ ተቀባዩ መለየት ያለበት ሁለቱን ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል። በ1948 ደግሞ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን የመረጃን ሒሳብ ጻፈ። የዛሬው ዲጂታል ስርጭት በእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ጥቅሙ እንደ ራያ ባለ ተራራማ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። በአናሎግ ዘመን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚይዘው የሞገድ ስፋት በዲጂታል አሥርና ከዚያ በላይ ጣቢያዎችን ይሸከማል። የአናሎግ ሞገድ ከተራራ ተንጸባርቆ ሲመለስ ምስሉን ድርብ ያደርገዋል፤ ዲጂታሉ ግን የተንጸባረቀውን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው። በአንድ ድግግሞሽ በርካታ ማሰራጫዎችን ማሠራት ስለሚቻል፣ ከተራራ ጀርባ ለቀረ ሜዳ ትንሽ ማሰራጫ ተክሎ ጥላውን ማብራት ይቻላል። ማርኮኒን ያስጨነቀው የምሥጢር ጉዳይም በዲጂታል ዘመን በተመሰጠረ ቁጥር መልስ አግኝቷል።

ጉዳቱም አብሮ መነገር አለበት። አናሎግ ሲዳከም ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ ጭጋግ ቢኖርበትም ዜናው ይሰማል። ዲጂታል ግን ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ምንም። ምልክቱ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ምስሉ ተቆራርጦ ድርግም ይላል። በጥላው ጠርዝ ያለ ቤት ትናንት ደብዛዛ ምስል ያይ የነበረ፣ ዛሬ ጥቁር መስታወት ሊቀረው ይችላል። አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚመልስ መቀበያ ካልገዛ ከስርጭቱ ውጪ ይሆናል።

በ2006 በጄኔቫ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገራት የአናሎግ ቴሌቪዥን ጥበቃ ጁን 17 ቀን 2015 እንዲያበቃ፣ ለተወሰኑ ሀገራትና ድግግሞሾች ደግሞ እስከ 2020 እንዲራዘም ወሰነ። ጎረቤት ኬንያ በ2015 አናሎግን ስትዘጋ በመንግሥትና በትልልቅ የግል ጣቢያዎች መካከል በተነሣ አለመግባባት ጣቢያዎቹ ለሳምንታት ከአየር ወጡ። ኖርዌይ ደግሞ በ2017 ብሔራዊ የኤፍ ኤም ስርጭቷን ወደ ዲጂታል በማዞር ቀዳሚ ሆነች። በሀገራችን ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአናሎግ ተጀምሮ ለዓመታት በየተራራው በተተከሉ ማሰራጫዎች ሲደርስ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙው ተመልካች በዲሽና በሪሲቨር ወደ ሳተላይት ዞሯል። የሳተላይቱ ሞገድ ዲጂታል በመሆኑ፣ በጣሪያው ላይ ዲሽ የሰቀለ የቆቦ ወይም የዋጃ ነዋሪ ሽግግሩን ሳያውቀው ተሻግሯል ማለት ይቻላል። ሬዲዮ ግን አሁንም በአብዛኛው አናሎግ ነው፤ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ፣ በዋጋው ቀላል የሆነ፣ ከእርሻ ማሳ እስከ ገበያ የሚከተል መሣሪያ።

ይህ ቀላል ሬዲዮ ለራያ ገበሬ ምን እንደሆነ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በደረሰው ማሽላ ላይ ሲወርድ፣ መንጋው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ የአንድ ዓመት እህል ጉዳይ ነበር። በግጭት ጊዜ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጡ ወሬ ሊያደርስ የሚችለው በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ሽግግሩ የሚለካው በምስሉ ጥራት ብቻ ሊሆን አይገባም። አሮጌው ማሰራጫ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ በእርግጥ ከተራራው ጀርባ መድረሱ፣ የመቀበያው ዋጋ የገበሬውን ኪስ አለመብለጡ፣ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ቀላል ሬዲዮ አየር ላይ መቆየቱ መመዘኛዎቹ ሊሆኑ ይገባል። ታይታኒክ ያስተማረችውም ይህንኑ ነው፤ ጥሪው ምንም ያህል ቢርቅ ሰሚ ከሌለው አያድንም።

ማርኮኒን ታሪክ በአንድ ሚዛን ብቻ ሊመዝነው አይችልም። ሬዲዮን ብቻውን አልፈጠረም፤ የሩሲያው ፖፖቭ፣ የሕንዱ ጃጋዲሽ ቦስ፣ ኒኮላ ቴስላና ሌሎችም ድርሻ አላቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1943 ከፈጠራ መብቶቹ አንዱን ዋና ክፍል ውድቅ አድርጓል። የሌሎችን እውቀት ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ውቅያኖስ ያሻገረው ግን እርሱ ነው። በባሕር ላይ የጠፉ ሰዎች በእርሱ ሥራ ተርፈዋል። በዚያው ሥራ የታጠቀ ጦር ደግሞ ሉዓላዊት ሀገርን ወርሯል፤ እርሱም ለወራሪው ቆሟል።

ከዋጃ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ አላማጣን አልፎ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጣ፣ ከኮረም ባሻገር የአሸንጌ ሐይቅ ከፊቱ ይዘረጋል። በ1928 ዓ.ም. ያ ሰማይ የጠላት መልእክት የሚመላለስበት፣ የወገን መልእክት የሚጠለፍበት ነበር። ዛሬ በዚያው ሰማይ የአካባቢው ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚያዘጋጁት ዜና፣ የገበያ ዋጋና የዝናብ ትንበያ ይተላለፋል። ነጥብና ሰረዝ ወደ ድምፅ፣ ድምፅም ወደ ዜሮና አንድ ተለውጧል። ሞገዱ ግን እንደ ጥንቱ ለያዘው ሁሉ ይታዘዛል፤ በጎውንም ክፉውንም እኩል ያደርሳል። ቀጣዩ ምዕራፍ የሚወሰነው ማሰራጫው በማን እጅ እንዳለ፣ መቀበያውም ከማን ቤት እንደደረሰ ነው።